ባዶው ታንከር ይበልጥ ያሰጋል

እኛ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ውሃ በፈረቃ ስለምናገኝ ማጠራቀሚያ የግድ ነው። የብሎካችን ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተን 2,000 ሊትር የሚይዝ ያገለገለ የብረት ታንከር ገዛን። በርሜል ይመስላል፤ በጎኑ ተጋድሞ ኮርቻ በሚመስሉ ሁለት ከፍ ያሉ የብረት መቀመጫዎች ላይ ያርፋል። በያጁ «ማሰር አያስፈልግም፤ ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል» አለን። ከሥሩ ግን ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዱ የልጅ ልጄ ነው።

ነገሩን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነው ታላቅ ወንድሙ ጋር ተነጋገርንበት። እሱ ፍሪክሽን ይለዋል፤ እኛ ሰበቃ ብለን ተምረነዋል። መጠኑን ለመገመት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጣውላ ላይ የላሜራ ቁራጭ ቸነከርን፤ በላዩ ሌላ ብረት አስቀምጠን የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ እያልን አነሳን። ብረቱ መንሸራተት ሲጀምር የጫፉን ቁመት ለክተን መሬት ላይ ላለው ርቀት አካፈልነው። ደረቁ ብረት 40 ሳንቲሜትር ለ80፣ ማለትም 0.5 ሆነ። ግራሶ ስንቀባው 16 ለ80፣ ወደ 0.2 ወረደ። ከላይ ያለውን ብረት በከባድ ብንለውጠውም ቁጥሩ ያው ነው። ዝገት፣ ቀለም፣ እርጥበትና ቅባት ግን ይለዋውጡታል፤ ስለዚህ ለጥንቃቄ ትንሹን ቁጥር ያዝን።

የቀረው ማባዛት ነው። ታንከሩ ባዶውን 200 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ውሃው ደግሞ 2,000 ኪሎ ነው። ሲሞላ ለማንሸራተት የ440 ኪሎ ያህል ግፊት ይጠይቃል። ባዶ ሲሆን 40 ኪሎ ይበቃዋል፤ ይህን ሁለት ጎረምሶች እየተሳሳቁ ይገፉታል። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስም አለ። ክብደቱ ይይዘዋል የተባለው እውነት ነው፤ ውሃ ጠፍቶ በሰነበተ ጊዜ ግን ክብደቱም አብሮ ይጠፋል።

ስሌቱን የጻፈው ልጁ ስለሆነ ለኮሚቴው ያስረዳውም እሱ ነው። አዋቂዎቹ ጸጥ ብለው ሰሙት። በያጁም ወረቀቱን አይቶ አልተከራከረም፤ በታንከሩ ጫፍና ጫፍ ማቆሚያ በየደ፣ በብረት ቀበቶም አሰረው። ብረት ፀሐይ ሲመታው ስለሚለጠጥ በማቆሚያው በኩል ትንሽ ክፍተት ተወ።

ወላጆችና አያቶች፣ በግቢያችሁ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር ካለ ባዶ በሆነ ቀን ምን እንደያዘው ተመልከቱ። ልጆቹ የሚማሩትንም ፊዚክስ ለፈተና ብቻ አትተዉላቸው፤ ቤት ውስጥ ሥራ ስጡት።