ሁሉም «ሉዋን» አይደለም

ዛሬ ሲዘዋወር የዋለውን ዝርዝር መቼም አይታችሁታል። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ቻይናውያን የተዘጋጀው፣ መዘበራረቅንና ዕቅድ አልባነትን የሚገልጹ ቃላት የተደረደሩበት። በግራ ሜስ፣ ኬኦስ፣ ሻምብልስ፣ ሃፕሃዛርድ፣ ስላፕዳሽ፣ ሂግልዲ ፒግልዲ፤ በቀኝ ያው አንዱ የቻይንኛ ቃል «ሉዋን» (የተዘበራረቀ) እየተመላለሰ። ግማሾቻችሁ «ጠቃሚ ነው» ብላችሁ አጋርታችሁታል። ስለ መዘበራረቅ የሚያስተምር ጽሑፍ እንዲህ ተዘበራርቆ ሲቀርብ ግን ዝም ማለት ይከብዳል።

እነዚህን ቃላት ከትርምሱ መጠን ይልቅ የሚለያቸው ጣታቸውን የሚቀስሩበት ሰው ነው። ኬኦስ ማንንም ላይከስ ይችላል፤ የመሬት መንቀጥቀጥም ኬኦስ ያመጣል። ሃፕሃዛርድ የተባለ ሥራ ግን ዕቅድ ሊኖረው ሲገባ እንደነገሩ የተሠራ ነው። ስላፕዳሽ ለብ ለብ አድርጎ የሄደውን ሠራተኛ በስሙ ባይጠራውም ይይዘዋል። ሻምብልስ ከሁሉም ይከብዳል፤ ጥንት የሥጋ መሸጫ፣ ኋላም ቄራ ማለት ነበር፣ ዮርክ ከተማ ውስጥ ስሙን የያዘ መንገድ ዛሬም አለ። አማርኛችንም ይህን የወቀሳ ልዩነት ያውቃል። «ገበያው ትርምስ ነው» ብትሉ የሚቀየም የለም፤ «ቢሮው ዝርክርክ ነው» ስትሉ ግን አለቃው ቀና ብሎ ያያችኋል። ዝርዝሩን አምኖ ለእንግሊዛዊ አለቃው «ዕቅድህ ሻምብልስ ነው» ብሎ የጻፈ ቻይናዊ፣ «ትንሽ ይስተካከል» ያለ መስሎት ሰውየውን ሰድቦት ቁጭ ይላል።

የዝርዝር በሽታው ግን የዛሬ አይደለም፤ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ከ1987 ጀምሮ የሚሰጠው የቻይና የኮሌጅ እንግሊዝኛ ፈተና የቃላት መጻሕፍትን ገበያ አድርቶታል፤ ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው። የመጀመሪያው ቃል ምን መሰላችሁ? አባንደን! ጥሎ መሄድ፣ እርግፍ አድርጎ መተው። ተማሪው ወገቡን ታጥቆ መጽሐፉን ሲከፍት ገና ከደጁ «ተወው» ይባላል። ይተዋል። በሌላ ጊዜ እንደገና ቆርጦ ሲነሳ የሚጀምረው ያው ከአባንደን ነው። ቻይናውያን ራሳቸው ሲቀልዱበት ኖረዋል፤ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይቺን ቃል የሚረሳ የለም። የፊደል ተራ ቃል ለሚፈልግ ሰው ሥርዓት ነው፣ ለሚማር ሰው ግን እሱው ራሱ ሃፕሃዛርድ ነው፦ ቀጥሎ የሚመጣው ሃፕን፣ ከዚያ ሃፒ። አሳታሚዎች ሆይ፣ ቢያንስ ከመሃል ጀምሩላቸው!

«ፈተናው ጊዜ አይሰጥም፣ አንድ ፍቺ ከምንም ይሻላል» ትሉኛላችሁ። አንብቦ ለመረዳት፣ አዎ፣ ይሻላል። ግን ያው ፈተና ከ120 እስከ 180 ቃል ድርሰት ያስጽፋል፤ ስለ ከተማ ፕላን በቁም ነገር እየጻፈ መሃል ላይ እንደ ቀልድ የሚሰማውን ሂግልዲ ፒግልዲ የሚል ተማሪ አራሚውን ፈገግ ቢያሰኝ ነው። «ቻይንኛው ራሱ ልዩነቱ ከሌለውስ?» ለሚለው ደግሞ መልሱ ሞልቷል። ሉዋን ቺ ባ ዛው ለተተራመሰ ክፍልም ለተተራመሰ ሐሳብም ይሆናል። ሾው ማንግ ጂያው ሉዋን ግን የሚይዝ የሚጨብጠው የጠፋው ሰው ነው። ሊንሺ ባው ፎ ጂያው፣ በጭንቅ ሰዓት የቡድሃን እግር ማቀፍ፣ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ በፈተና ዋዜማ ለሚያነበው የሚባል ነው፤ ጥፋቱን ማን ላይ እንደሚጥል ግልጽ ነው። እንግዲህ ተማሪው ወቀሳን ከነደረጃው ከቤቱ ይዞ መጥቷል። ዝርዝሩ ነው በር ላይ አስጥሎ ያስገባው።

ደግሞ ኦምኒሻምብልስ የሚባል አለ፤ ከቢቢሲ የፖለቲካ ኮሜዲ ወጥቶ ኦክስፎርድ በ2012 የብሪታንያ የዓመቱ ቃል ያደረገው። ዝርዝሩ ውስጥ አላየሁትም። እባካችሁ ማንም እንዳይጠቁማቸው።