በጨዋታ ክፉ መሆን ክፉ ያደርጋልን?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ለወላጅ ግን ቀልድ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤታችን ግድግዳ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ከበው የሚጫወቱትን ልጆች ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። በመካከላቸው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ አለ። አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ በየተራ «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ ክፉውን ሰው ሆኖ ይጫወታል። «ይሄ ቁማር ነው እንዴ? ልጆቻችንን ክፋት እያስተማርክብን ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ የውኃ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ይቀርብልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነውና ልመልስ።

በመጀመሪያ ጨዋታው ከየት መጣ? ዳይሶቹን በሰው የላከልን እዚሁ ካኩማ ያስተማርኩት፣ አሁን አሜሪካ የሚኖር ወጣት ነው። ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያዘጋጁት ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ሲወጣ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ አጫዋች ይሆንና አገሩን፣ መንገዱን፣ የሚያጋጥመውን ነገር ሁሉ ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው በሐሳባቸው ፈጥረው በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ። የሚሞክሩት ነገር ይሳካ እንደሆነ ዳይስ ይወስናል። ዋናው ዳይስ 20 ጎን አለው። እሱ ሲጠፋብን ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ጨምረን እናወጣለን። ገንዘብ አይያዝበትም። ስለዚህ ቁማር አይደለም።

ወደ ክፋቱ እንምጣ። በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ የሰውን ጠባይ በዘጠኝ ይከፍለዋል። ደግ፣ ክፉና መሐል ሰፋሪ አለ፤ እያንዳንዱ ደግሞ ሥርዓት አክባሪ፣ ሥርዓት የለሽ ወይም በሁለቱ መካከል ያለ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሌት ክፉም ሦስት ዓይነት ነው ማለት ነው። ያገኘውን ሁሉ የሚያፈርስ አለ። ለጥቅሙ ብቻ የሚኖር አለ። ሦስተኛው ሥርዓት አክባሪ ክፉ ነው፤ ይህኛው ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ደንብ ጠቅሶ፣ ማኅተም መትቶ ነው ሰው የሚበድለው። ይህንን ለልጆቹ ሳስረዳ አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄኛውንስ አውቀዋለሁ» አለችኝ። የት እንዳገኘችው አልጠየቅኋትም።

የእናንተ ስጋት በአሜሪካም ነበር። በ1982 ልጃቸው ራሱን ያጠፋባቸው ፓትሪሺያ ፑሊንግ የተባሉ እናት ጥፋቱ የዚህ ጨዋታ ነው ብለው በማመን በ1983 ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቁመው ነበር። ጨዋታው ሰይጣን ያስመልካል የሚል ወሬም በአገሩ ሁሉ ተናፈሰ። ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ግን ጨዋታው ልጆችን ለሞት እንደሚዳርግ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። የእናቲቱን ሐዘን ግን ማንም ሐሰት ነው ሊል አይችልም። ልጅ ያጣች እናት ምክንያት ትፈልጋለች።

ደግሞስ በጨዋታ ክፉ መሆን ለእኛ አዲስ ነገር ነው? ልጅ ሆነን ሌባና ፖሊስ ስንጫወት ሌባ የሆነው ሁሉ ሌባ ሆኖ ቀረ? አያቶቻችን ተረት ሲነግሩን ለጅቡ ድምፃቸውን ያጎረንኑ ነበር፤ ጅብ ግን አልሆኑም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኦቴሎ» ላይ ኢያጎን የሚጫወት ሰው ባይኖር፣ ደጉ ሰው እንዴት እንደተታለለ ተመልካች ከየት ያውቅ ነበር?

አሁን የእኛን ጨዋታ ልንገራችሁ። ልጆቹ ዘንዶውን ትተው የራሳቸውን አገር ፈጠሩ። ጨው የጫኑ ነጋዴዎች በረሃ ያቋርጣሉ። አንድ የ16 ዓመት ልጅ መንገድ መሪ መሆን ፈለገ። ለብቻዬ ጠርቶ «መሪው ግን ደላላ ነው፣ ይሸጣቸዋል» አለኝ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እንደ ማር ጣፈጣቸው። «የአገሬ ልጆች» አላቸው። «ገንዘቡ አያስቸኩልም፣ አሁን እንሂድ፣ ስትደርሱ ትከፍላላችሁ» አላቸው። «እናቶቻችሁ ከሰሙ ያለቅሳሉ፣ ደርሳችሁ አስደስቷቸው» አላቸው። በአራተኛው ቅዳሜ ነጋዴዎቹ ተኝተው ሳለ ውኃውን ደብቆ ለሽፍቶች አሳልፎ ሊሰጣቸው ሞከረ። ከጣሳው የወጣው ቁጥር 17 ነበር፤ ተሳካለት።

ዝም ተባለ። ጨው ነጋዴዋ ልጅ «ወንድሜ ብዬህ ነበር እኮ!» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጨዋታውን አስቁሜ ልጁን ወረቀቱን አስቀምጦ በራሱ ስም እንዲናገር አደረግሁ። ከዚያ ሁሉንም ጠየቅኋቸው፤ «ከየት ጀምራችሁ ነው ያመናችሁት?» አንዱ «የአገሬ ልጆች ሲለን» አለ። ሌላው «ገንዘብ አልቀበልም ሲለን»፣ ሌላዋ «ለእናታችሁ አትንገሩ ሲለን እኮ መጠርጠር ነበረብን» አለች። መጨረሻ ላይ ደላላው ራሱ ተናገረ። «ቲቸር፣ የሚከብድ መስሎኝ ነበር። በሦስት ቅዳሜ ግን አንድም ሰው አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም።»

ይህ አባባል ከብዙ ትምህርቴ በላይ ነው። ደላላ ሲመጣ «እኔ ደላላ ነኝ» ብሎ እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቻችንን «ተጠንቀቁ» እያልን እንመክራለን፤ ከምን እንደሚጠነቀቁ ግን አናሳያቸውም። ክፉውን የተጫወተ ልጅ የክፉውን አነጋገር ከውስጥ ሆኖ ያየዋል፤ የቱ ቃል ሰው እንደሚያስተኛ፣ የቱ ጥያቄ እንደሚያስፈራ ይገባዋል። ያን ዕለት ልጆቹ ለመንገድ መሪ የሚቀርቡ ጥያቄዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ባለፈው የመራኸው ሰው የት አለ? ለምን ታቻኩለናለህ? ለምን በድብቅ?

ሰኞ ዕለት የልጁ እናት መጡ። አልተቀመጡም። «መምህር፣ ታላቁን ደላላ ወሰደብኝ፤ ታናሹን እናንተ ደላላ አደረጋችሁብኝ» አሉኝ። ታላቅየው ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ድምፁም አልተሰማ። ለዚህ ምን መልስ አለው? «እትዬ፣ ቅዳሜ መጥተው ይዩት፣ ካዩ በኋላ ይቅር ካሉ ይቀራል» አልኳቸው። መጡ፤ ጀሪካናቸውን ገልብጠው ተቀመጡ። ከሽፍቶቹ ያመለጡት ነጋዴዎች አዲስ መንደር ደርሰዋል፤ ደላላው ደግሞ እዚያው መንደር ሌሎችን እየሰበከ ነው። ትንሽ እንዳዳመጡ እናቲቱ ማንም ሳይጋብዛቸው «እኔም የመንደሩ እናት ነኝ» አሉ። «አንተ ልጅ፣ ካደረስካቸው አንዱን እዚህ አምጥተህ አሳየኝ!» ልጃቸው መልስ ፈለገ፣ አጣ። ዳይስ ልጣል እንኳ አላለም። እናቲቱ አልሳቁም። ተነሥተው ጀሪካናቸውን ይዘው ሄዱ። ልጃቸውን ግን ከጨዋታው አላስቀሩትም።

ይህን ስል ክፉ መጫወት ሁልጊዜ ደህና ነው ማለቴ አይደለም። «እኔ ምን ላድርግ፣ የኔ ሰው ጠባዩ ነው» እያለ የጓደኞቹን ጨዋታ የሚያበላሽ ልጅም አለ። የሚሰርቀው ከታሪኩ ሳይሆን አጠገቡ ከተቀመጠችው ልጅ ደስታ ላይ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። በመሆኑም ከመጀመሪያው ጀምሮ የምንጠብቃቸው ደንቦች አሉን፤ እናንተም ቤት ውስጥ ልጆች ሲጫወቱ ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ ክፉ ሰው በታሪኩ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ሁሉም ሳይጀመር ይስማማሉ። ማን እንደሆነ ላይነገር ይችላል፤ ሊኖር መቻሉ ግን አይደበቅም።

ሁለተኛ፣ የማይነኩ ነገሮች አሉ። ልጆቻችን ከቤታቸው ሲወጡ በዓይናቸው ያዩት ነገር፣ በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸም ግፍ፣ የብሔርና የሃይማኖት ስድብ በእኛ ወንበር ላይ አይጫወቱም።

ሦስተኛ፣ በመካከላችን የኤክስ ምልክት ያለበት ወረቀት ይቀመጣል። ጆን ስታቭሮፖሎስ የሚባል የዚህ ጨዋታ ሰው ያመጣው ዘዴ ነው። የከበደው ልጅ ወረቀቱን ይነካል፤ ያ ነገር ከታሪኩ ይወጣል፤ «ለምን?» ተብሎም አይጠየቅም። አንድ ቀን በታሪኩ ውስጥ የኬላ ጠባቂ ሲነሣ አንድ ትንሽ ልጅ ወረቀቱን ነካ። ኬላው ቀረ፣ ጨዋታው ቀጠለ።

አራተኛ፣ የክፉ ሥራ ውጤት አለው። ደላላው ዛሬ ቢያመልጥ ነገ የሚያምነው ሰው ያጣል።

አምስተኛ፣ ክፉነቱ በየተራ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ሁልጊዜ ክፉ ከሆነ ስሙ ሆኖ ይቀራል። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ወረቀቱን አጥፎ የራሱን ስም ይጠራል፤ ከዚያ ተጨባብጠው ይለያያሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ማታ ቤት ገብቶ «ዛሬ ክፉው እኔ ነበርኩ» ቢላችሁ አትደንግጡ፣ አትምቱትም። «ምን አልካቸው? እነሱስ ምን መለሱልህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ውስጥ ልጃችሁ በሠፈሩ ምን እንደሚሰማና ማን ምን እንደሚሾከሹክለት ታገኛላችሁ። አነጋገሩ ከጨዋታው ውጪ የተሰማ ከመሰላችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ ለእኔም ንገሩኝ።

ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ጥላ ሥር ነን። መቀመጫ ይዛችሁ ኑ።

ቸር ይግጠመን።