ለደጋ ቤት የውሃ ማሞቂያ ለምትገዙ ሁሉ

ብርዱ ሲጠነክር የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ «ለእናቴ ቤት የቱን ማሞቂያ ልግዛላት?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የደብረ ማርቆስ፣ የደምበጫ፣ የቢቸና፣ የደጀን ልጆች ናቸው። ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ባሕር ማዶ ነው ያለው። የዕቃውን ፎቶ ይልኩልኛል፣ ዋጋውን ይነግሩኛል። ስለ ቤቱ ግድግዳ፣ ስለ መብራቱ ጉልበት፣ ስለ ሮቶው ከፍታ ግን የሚነግረኝ የለም። መልሱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፈው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ቅንጦት ለሚያዩት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ሳትታይ ይመሻል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ወደ ጮቄ ተራራ በወጣችሁ ቁጥር ይብሳል። ጤነኛ ጎልማሳ ይችለዋል። ለአራስ፣ ለአዛውንት፣ ቁርጥማት ላለበት ሰው ግን ሙቅ ውሃ ከሌለ ገላ መታጠብም የለም። እናቶቻችን ብርድ እንዳይመታቸው ፀሐይ እስክትጠነክር ይጠብቃሉ፤ ውሃ አሙቆ የሚያቀርብላቸው ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ማስቸገር ስለማይወዱ ግን አፍ አውጥተው አይጠይቁም። ከጋምቤላ ወይም ከአፋር ቆላ ተመድቦ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት እንደሚገፋቸውም የከተማው ሰው ያውቃል።

ቤተ መንግሥቱም ቢሆን ይህን ችግር ያውቀው ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ እንጦጦ ላይ በነበረበት ጊዜ እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ለመታጠብ ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር። እቴጌይቱ እዚያው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ብርድና ሙቅ ውሃ ዋና ከተማን ከተራራ አውርደዋል፤ ታዲያ ለአንዲት አሮጊት የሚገዛ ማሞቂያ እንዴት ቅንጦት ይባላል?

ደብረ ማርቆስ መሀል ፍል ውሃ የለንም። ያለን ባሕር ዛፍ፣ ከሰልና መብራት ነው። ከአዊ በኩል ከፋግታ ለኮማ የሚመጣው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በየቤቱ አለ። እባካችሁ፣ መታጠቢያ ቤቱን ለማሞቅ ብላችሁ የተቀጣጠለ ከሰል አስገብታችሁ በር አትዝጉ። በተለይ ሕፃን ስታጥቡ። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው አልጠፋም፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በጋዝ ሲሊንደር የሚሠራውንም ማሞቂያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አትትከሉ። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለዚህ ከፍታ ያልተስተካከለ የጋዝ ማሞቂያ ደግሞ በደንብ አይነድም።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ውሃ ሲከፈት ወዲያው የሚያሞቀው፣ ከሻወሩ ጫፍ ወይም ከግድግዳው ላይ የሚገጠመው ትንሹ ነው። ሁለተኛው ውሃ አጠራቅሞ የሚያሞቀው ቦይለር ነው። ትንሹ ርካሽ ስለሆነና ቦታ ስለማይዝ ሰው ወደ እሱ ያዘነብላል። የእኔ ምክር ግን ለደጋ ቤት ቦይለር ነው፤ ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ።

ቆላ ውስጥ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ለገላ የሚስማማው 40 ዲግሪ ላይ ለመድረስ የሚቀረው 15 ዲግሪ ብቻ ነው። 5.5 ኪሎ ዋት የሆነ ማሞቂያ ይህን በደቂቃ ከ5 ሊትር በላይ ይሰጣል፤ ይበቃል። እኛ ዘንድ ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ንጋት ላይ 12 ዲግሪ ሆነ እንበል። አሁን የሚቀረው 28 ዲግሪ ነው፤ ያው ማሞቂያ የሚሰጠው 2.8 ሊትር ብቻ ይሆናል። 3.5 ኪሎ ዋቱን የገዛ ሰውማ 1.8 ሊትር ያገኛል። ይህ ጀርባ የማያረጥብ ክር ነው። ሰውየው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል፤ ዕቃው ደህና ነው፣ የተሠራው ግን ለሌላ አገር ውሃ ነው።

በዚያ ላይ የመብራቱ ጉልበት አለ። ዓባይ ጎጃምን ዞሮ ነው የሚወርደው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ግድቡ ላይ ኃይል መኖሩና የሠፈራችሁ ትራንስፎርመር መቻሉ ለየቅል ነው። ሁሉም ምጣዱን በሚሰካበት ሰዓት 220 ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ፣ የማሞቂያው ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። ያቺ 2.8 ሊትር 1.9 ትሆናለች። ሌላም አለ፤ ብዙዎቹ ፈጣን ማሞቂያዎች የውሃ ግፊት ካልደረሳቸው አይበሩም። ሦስት ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። እሱ ሁሉ ቢሟላ እንኳ 5.5 ኪሎ ዋት 25 አምፔር ይስባል፤ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን በተዘረጋ ሽቦ ላይ መቀጠል ቤት ማቃጠል ነው።

ቦይለሩ ግን ታጋሽ ነው። 50 ሊትሩ በ1.5 ኪሎ ዋት 7 አምፔር ያህል ብቻ ይስባል። ከ12 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ የሚበላውም 2.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቮልት ቢወርድ ይዘገያል እንጂ ሥራውን አይተውም። መብራት ከመጥፋቱ በፊት የሞቀው ውሃ ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል 50ው ሊትር 80 ያህል ሊትር የገላ ውሃ ይወጣዋል፤ ቆጥበው ከታጠቡ ለሦስት ሰው ይበቃል። መቆጣጠሪያውን 60 ላይ አድርጉት፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሳምባ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባል። 60 ዲግሪ ውሃ ግን ቆዳ ይልጣልና ሚክሰር ይገጠም፤ ልጅ ያለበት ቤት ይጠንቀቅ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ።

አክስቴ ቤት ቦይለር ሊገጠም ኤሌክትሪሽያኑ መጣ። ወጣት ልጅ ነው፣ ሥራውን የሚያከብር። ካርቶኑን ከመክፈቱ በፊት መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ያለውን ሶኬት በካቻቢቴ ፈታው። ፊቱ ላይ፣ ከላይና ከታች፣ የሚያብረቀርቁ የግራውንድ ብረቶች አሉት። ከጀርባው ግን የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ የለም፤ የሚታሰርበት ብሎን እንደ አዲስ ነው፣ ተነክቶ አያውቅም።

«እማማ፣ ይቺ ብረት ለይምሰል ነው ያለችው» አላት። «ከኋላዋ ምንም የለም።»

«ታዲያ ልጄ፣ እስከ ዛሬ መብራቱ ይበራ የለ?»

«መብራቱማ ይበራል እማማ። ጉዱ የሚመጣው እርጥብ ሰው ሲነካው ነው።»

ያን ቀን ቦይለሩ አልተሰቀለም። ልጁ ከጓሮ፣ ጌሾው አጠገብ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነውን ቦታ መርጦ የመዳብ ዘንግ ቀበረ፤ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞላበት፤ ከዚያ እስከ መታጠቢያ ቤቱ አዲስ ሽቦ ሳበ። ከዚህ በላይ ያደረገው ነገር ደግሞ ብዙ ባለሙያ የሚዘለው ነው፤ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ብሬከር ገጠመ። ለምን? የተቀበረው ዘንግ ብቻውን አይበቃማ። የዘንጉ መቋቋም 20 ኦም ቢሆን፣ በ220 ቮልት የሚያሳልፈው 11 አምፔር ነው። ተራው ባለ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይጥልም። የማሞቂያው ብረት ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል፤ ሰው እየታጠበ።

ልጆቹ ከውጭ የሚልኩት ገንዘብ ለዕቃው ስም ይከፈላል። ሽቦው ግን «ነገ ይሠራል» ይባላል። ይህ ያናድደኛል፣ ያስፈራኛልም። ገንዘባችሁ ለሁለቱም ካልበቃ የግራውንድ ሽቦውንና ብሬከሩን ዘንድሮ አሠሩ፤ ቦይለሩን ለከርሞ አቆዩት። እስከዚያ ማንቆርቆሪያው ይሠራል። ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን ጥቅልል ብረት ግን ከቤታችሁ አውጡ።

ግድግዳው ሌላ ጣጣ አለው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብዙው አሮጌ ቤት የእንጨትና ጭቃ ነው፤ በሲሚንቶ ስለተለሰነ ብሎኬት ይመስላል። ውሃ የሞላ ባለ 50 ሊትር ቦይለር አንድ ጎልማሳ ሰው የሚመዝነውን ያህል ይመዝናል። ጭቃ ውስጥ የገባ ፊሸር ይህን አይሸከምም፤ ክፍት ብሎኬትም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። ወይ ከግድግዳው ማዶ በብረት ሳህን ተይዞ በረጅም ብሎን ይጠበቅ፣ ወይ ብረታ ብረት ቤት ከወለል የሚነሣ መቆሚያ አሠሩለት። እኔ መቆሚያውን እመርጣለሁ።

ሲገጠም ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ትንሽ የነሐስ ቫልቭ አለች። ውሃው ሲሞቅ ይንጠባጠብባታል። ሰው ያፈሰሰ መስሎት በካላማዳሪያ ጥፍር አድርጎ ያስራታል፣ ወይም ይደፍናታል። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። 50 ሊትር ውሃ ከ12 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ 0.8 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ መውጫው በዚያች ቀዳዳ ነው። ከተዘጋች ግፊቱ በርሜሉን ያፈነዳዋል። ጠብታው ካስቸገራችሁ በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሽ ምሩት። ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ ደግሞ የሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃ መውረዱን ሳታዩ መብራቱን አታብሩ፤ ባዶ በርሜል ውስጥ የበራ ማሞቂያ ይቃጠላል።

ስለ ሶላር የምትጠይቁኝ አላችሁ። ጥሩ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐያችን የታመነች ናት። ወደ ደቡብ ፊቱን አዙራችሁ ትከሉት። ግን በጣም በሚያስፈልገን በክረምቱ ደመና ይደክማልና ውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለውን ምረጡ። 150 ሊትሩ ውሃ ብቻውን 150 ኪሎ ስለሆነ ጣሪያችሁ በባሕር ዛፍ አጣና የቆመ ከሆነ አናጢ ሳያየው አይሰቀል። ውርጭ የሚጥልበት የጮቄ ወገብ ላይ ያላችሁ ደግሞ ጠፍጣፋውን ትታችሁ የመስታወት ቱቦ ያለውን ውሰዱ፤ ጠፍጣፋው ውስጥ ያለው ውሃ ሌሊት በረዶ ሠርቶ ቧንቧውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

የመጨረሻው ለገጣሚው የምትነግሩት ነው። ቦይለሩ ውስጥ ዝገትን በራሱ ላይ እየወሰደ በርሜሉን የሚያድን የማግኒዚየም ዘንግ አለ። በየሁለት ዓመቱ ወጥቶ መታየት አለበት፤ ካለቀ ይቀየራል። በብዙዎቹ ቦይለሮች ላይ ዘንጉ የሚወጣው ከሥር በኩል ነው። ስለዚህ ሲሰቅለው ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ቦታ ይተውለት፤ ካልተወ ዘንጉን ለማየት ቦይለሩን በሙሉ ማውረድ ሊኖርባችሁ ነው።