ቀንሽን እወቂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ወር አበባ ነው። ይህን ለሴት ልጅ የምትነግራት እናት ናት ይባላል። እኔ ግን ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። «ሴት የምታረግዘው መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ከክፍሉ የሚመጣው የተሳሳተ መልስ «ደሟ ሊመጣ ሲል» ወይም «ደሟ እንደቆመ» ነበር። ለሰው ልጅ ያስተማርኩትን ከራሴ ልጅ በሀፍረት አልደብቅም።

እንቁላል የሚለቀቀው ቀጣዩ ደም ከመምጣቱ 14 ቀን ያህል አስቀድሞ ነው፤ ከአንድ ቀን በላይም አይቆይም። የወንድ ዘር ግን በሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊኖር ይችላል። እናቶቻችን ቀን የሚቆጥሩት በታቦት ነውና በዚያው ላስረዳሽ። ደምሽ በልደታ ጀምሮ ቀጣዩ በበዓለ ወልድ ቢመጣ፣ እንቁላሉ በ15 ገደማ ይለቀቃል። ስለዚህ ዋናዎቹ የሚያስረግዙ ቀኖች ከመስቀል እስከ ኪዳነ ምሕረት ያሉት ናቸው። ደሙ ዘግይቶ በሚቀጥለው ወር በበዓታ ከመጣ ግን እንቁላሉ የተለቀቀው በገብርኤል ገደማ ነው።

ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ ቀጣዩ ደም የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ሕመምም ጭንቀትም ያዘገየዋል። ልጅ ስትፈልጊ ቆጠራው ይረዳሻል፤ እርግዝናን ለማዘግየት ግን በቆጠራ ብቻ አትተማመኚ። ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእርግዝና መከላከያ እንክብሉም፣ መርፌውም፣ በክንድ የሚቀበረውም በነፃ ይሰጣል።

ከወለድሽ በኋላም «ደሜ ስላልተመለሰ አላረግዝም» አትበዪ፤ እንቁላል ከደም ቀድሞ ሊመለስ ይችላል። ጡት ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው፣ ቅቤም ውሃም ሳይቀምስ ቀንና ሌሊት ሲጠባ፣ ደምሽም ሳይመለስ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አትመኚው። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል። በላይ በላዩ መውለድ እናትንም ልጅንም ይጎዳል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ አሳይቷል። አንቺን ከዚህ ቁጥር ውስጥ ማሰብ አልችልም።

ይህን ደብዳቤ ባልሽም ያንብበው። ልጅ የሁለታችሁ ነው፤ ቀን ማወቁም፣ ጤና ጣቢያ መሄዱም የሁለታችሁ ይሁን።

ባሰባችሁት ጊዜ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ።

አባትሽ