ቁጥሩ የማን ነው?

የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ ሁለት ስም አላት። በወረቀት ጭሮ ናት፤ በዕድሜ የገፉ ሹፌሮችና ነጋዴዎች ግን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። የአውቶቡሱ ረዳት በየትኛውም ስም ቢጣራ የሚያወርዳችሁ አንድ ቦታ ነው። ስሙ ሁለት፣ ቦታው አንድ። ከዚያ ተነስታችሁ ወደ ቦኬ ገጠር ስትገቡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስልኩ አንድ ነው፣ በእሱ የሚፈለገው ሰው ግን ስምንት። «ለእነ እገሌ ንገርልኝ» የሚል ጥሪ በቀን ስንቴ እንደሚመጣ የቦኬ ልጅ ያውቀዋል። ከእኛም መካከል የቦኬ ልጅ አለ።

ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ስለዚህ ነው፤ ኔትወርክ ሰውን በምን ያውቀዋል? የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉን። ጉዳዩ እናትና ልጅን እስከ መለያየት ይደርሳል።

የቤት ስምና የአደባባይ ስም

እ.ኤ.አ. በ2002 የሞባይል ደረጃዎችን የሚያወጣው ስሪ ጂፒፒ የተባለው ዓለም አቀፍ ስብስብ «ሪሊዝ 5» ባለው ሥራው ውስጥ አይኤምኤስ የሚባል ሥርዓት ይዞ መጣ። ሐሳቡ ድምፅም፣ ምስልም፣ መልእክትም በአንድ የኢንተርኔት መንገድ ይሂዱ ነው። ዛሬ በ4ጂ ስልክ «ቮልቲ» እያልን የምንደውለው በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው።

በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ደንበኛ ሁለት ዓይነት መለያ አለው። አንደኛው የግል ነው። ሲም ካርዱ ውስጥና በኦፕሬተሩ መዝገብ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ስልኩ ራሱን ሲያስመዘግብና ማንነቱ ሲጣራ ብቻ ይወጣል። ማንም በእሱ አይደውልም። ሁለተኛው የአደባባይ ነው፤ ሰው የሚጠራችሁ በእሱ ነው። የስልክ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ የኢሜይል አድራሻ የመሰለ ስምም ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው አንድ የግል መለያ ይዞ ብዙ የአደባባይ ስም ሊኖረው ይችላል። አንድ የአደባባይ ስምም በብዙ ስልኮች ላይ አንዴ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል።

ለኛ አገር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የክርስትና ስም ያለው ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። የክርስትና ስሙን የንስሐ አባቱና ቤተሰቡ ያውቁታል፣ ገበያ ውስጥ ግን ማንም አይጠራውም። ሐረርጌም ውስጥ መዝገብ ላይ በአንድ ስም የሰፈረ፣ ሰፈሩ በሌላ ስም የሚያውቀው ሰው ሞልቷል።

ሲም ካርዳችሁ ውስጥ ያለው የግል ቁጥር በ636 ይጀምራል፤ ይህ የኢትዮጵያ መለያ ነው። ቀጥሎ 01 ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም፣ 02 ከሆነ ሳፋሪኮም ነው። ሲሙ የድሮ ሆኖ ለአይኤምኤስ የተዘጋጀ ስም ባይኖረው፣ ስልኩ ከዚሁ ቁጥር ጊዜያዊ ስም ሠርቶ በር ያንኳኳል። ኔትወርኩ ካጣራ በኋላ «አንተን ሰው የሚጠራህ በእነዚህ ነው» ብሎ እውነተኛዎቹን የአደባባይ ስሞች ይሰጠዋል። በጊዜያዊው ስም መደዋወል ግን ክልክል ነው። ለማንኳኳት ብቻ የተፈቀደ ስም!

ከሰፊ ወደ ጠባብ

አድራሻ ስንናገር ከሰፊ ጀምረን ወደ ጠባብ እንወርዳለን። አገር፣ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ከዚያም «ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ያለው ግቢ»። የስልክ ቁጥርም እንደኛ ነው። 251 ኢትዮጵያ፣ 25 ምሥራቁ፣ 551 አሰበ ተፈሪ፣ የቀሩት አራት አሃዞች ቤቱ። የሂርና ደግሞ 441 ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. ላይ የአገሪቱ ቁጥሮች ሲቀየሩ የምሥራቁ 05 ወደ 025 ተለወጠ፣ ስድስት አሃዝ የነበረው ሰባት ሆነ። በየሱቁ በር በቀለም የተጻፈ ቁጥር ሁሉ በአንድ ቀን አረጀ።

የኢንተርኔት ስም ግን ተቃራኒ ነው፤ ጠባቡ ይቀድማል፣ ሰፊው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሁለቱን ለማስታረቅ ኢነም የሚባል ዘዴ ተፈጠረ። የስልክ ቁጥሩን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ በየአሃዙ መሐል ነጥብ ያስገባል። የአሰበ ተፈሪ ቁጥር እዚያ ውስጥ መጨረሻው «1.5.5.5.2.1.5.2.ኢ164.አርፓ» ይሆናል። ማውጫው ይህን ሲጠየቅ የኢንተርኔቱን ስም ይመልሳል። ኦፕሬተሮች በአብዛኛው ለራሳቸው በዘረጉት ዝግ ማውጫ ይሠሩበታል። ደዋዩ ምንም አያይም፤ እሱ የሚያውቀው ያችኑ ቁጥር ነው።

ለዚህ ነው ቁጥር የማይሞተው። በስም መደወል ከተቻለ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ቁልፍ ስልክ የያዘች እናት ግን የምትጫነው አሃዝ ነው። ቁጥር ቋንቋ አይጠይቅም። ኦሮምኛም፣ አማርኛም፣ ሶማሊኛም ተናጋሪ ይጫነዋል። ደግሞም በቃል ይያዛል።

በቃል የተያዘ ቁጥር

ከእኛ የአንዱ አክስት ቦኬ ገጠር ውስጥ ትኖራለች። ስልኩን የገዛላት ታላቅ ልጇ ነው፤ ሲሙንም በራሱ መታወቂያ አወጣላት። ብዙ ቤት እንዲህ ነው፤ መታወቂያ ያለው ሰው ለሌለው ያወጣል። ከዚያ ልጁ እንደ ብዙ የሐረርጌ ወጣት በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ መንገድ ጀመረ። በዚያ መንገድ ስልክ ይጠፋል፣ ይሸጣል፣ ይቀማል። ኪስ ውስጥ የማይቀማው በቃል የተያዘ ቁጥር ብቻ ነው። እሱም የእናቱን ይዞ ሄደ።

እሱ በሄደ በስድስተኛው ሳምንት ሲሙ ተበላሸ። አክስታችን አንድ የአገልግሎት ጣቢያ ሄደች።

«እማማ፣ ሲሙ በእርስዎ ስም አይደለም። ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ።»

«ባለቤቱ ልጄ ነው።»

«እንግዲያው ልጅዎ ይምጣ።»

«አቦ፣ እሱን ለማግኘት እኮ ነው ቁጥሩን የፈለግኩት!»

ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ሕጉን ነው የተናገረው፤ ሕጉም ያለ ምክንያት አልወጣም። የሰው ቁጥር በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ የሚጠብቀው እሱ ነው። መዝገቡ የሚያውቀው ግን ሲሙን ያወጣውን ሰው ነው፤ ስልኩን ስታነሳ የኖረችውን ሴት አያውቃትም።

ልጁ ሦስት ወር ሙሉ በተዋሰው ስልክ ሁሉ ሞከረ። በመጨረሻ ሪያድ ደርሶ በኢሞ አንዲት የጭሮ ጎረቤት አገኘና በእሷ በኩል ድምፁ ተሰማ። አክስታችን በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለቅሶ ልትቀመጥ ነበር፤ ጎረቤት ነው የያዛት። ያ ቁጥር ደግሞ ቆይቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ለረዥም ጊዜ ያልሠራን ቁጥር መልሶ መሸጥ የኦፕሬተሮች ሁሉ ልማድ ነው። ያኔ ከሪያድ የሚደወለውን የማታውቀው ሴት ታነሳዋለች።

ምስክር

አይኤምኤስ ውስጥ ከወደድናቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ስልኩ «እኔ እገሌ ነኝ» ስላለ ብቻ ኔትወርኩ አያምነውም። ከተመዘገበው ጋር አስተያይቶ የራሱን ምስክርነት ይጽፍበታል፤ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ያ ነው። ደዋዩ ቁጥሬ አይታይ ካለም ምስክርነቱ በሚተማመኑ ኔትወርኮች መሐል ይቆያል፣ ለተቀባዩ ግን አይገለጥም።

ምስክሩ ግን የሚመሰክረው ስለ ቁጥሩ ነው። ማን ይዞት እንዳለ አይነግራችሁም። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚለው አጭበርባሪ የሚደውለው ከእውነተኛ ቁጥር ነው። በፊት ይህ ያን ያህል አያሳስብም ነበር፤ የቁጥር ትልቁ ሥራ ሚስኮል ማድረግ ነበርና። አንዴ ከጮኸ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ከጮኸ «ደውልልኝ»። ብር ሳይወጣ መልእክት ይደርሳል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ ሥራ ሲጀምሩ ግን ያው ቁጥር የገንዘብ ከረጢት ሆነ። የጫቱ ሽያጭ፣ የቡናው ዋጋ፣ ከሪያድ መጥቶ በዘመድ በኩል የሚላከው ብር በእሱ ይገባል። ሲሙ በማን ስም ነው የሚለው ጥያቄ ብሩ የማን ነው ወደሚለው ተለወጠ።

ፋይዳ ይህን ነገር የተረዳ ይመስላል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ዲጂታል መታወቂያ 12 አሃዝ ያለው የግል ቁጥር አለው፤ ለሌላ ሰው ለማሳየት ደግሞ 16 አሃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር አለው። የቤት ስምና የአደባባይ ስም ማለት ነው። በራሷ ስም መታወቂያ ያልነበራት የገጠር ሴት በራሷ ስም ሲም ማውጣት የምትችልበት መንገድም በዚሁ ይከፈታል።

ስለዚህ ለወዳጆቻችን የምንለው አጭር ነው። ለእናታችሁ ስልክ ስትገዙ ጣቢያ ድረስ ይዛችኋት ሂዱ፤ ሲሙ በእሷ ስም ይውጣ። በእናንተ ስም የወጣ ካለም ሳትርቁ አዛውሩት። ለሚመለከታቸው ደግሞ፣ ባለመዝገቡ መምጣት ሳይችል ሲቀር ቁጥሩን በእጁ ይዞ ለኖረው ሰው ምስክር የሚቀበል ሥርዓት ይኑር እንላለን። በቀበሌና በሽማግሌ ምስክርነት ስንት ነገር በሚፈጸምበት አገር ይህ ብርቅ ሊሆን አይገባም። ኔትወርኩ ራሱ እኮ በምስክር ነው የሚሠራው።

አክስታችን አሁን በራሷ ስም የወጣ ሲም አላት። ልጇ አዲሱን ቁጥር በቃሉ እያጠና ነው፤ አሮጌው ግን ከአፉ አልወጣም ይላል።