ወሬኛ፣ እውነተኛ፣ ጋዜጠኛ

የምንማረው ትምህርት ስሙ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

«ጆርናሊዝም» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው። «ጆርናል» ሥሩ «የዕለት» የሚል የላቲን ቃል ሲሆን፣ «ኢዝም» ደግሞ ከግሪክ የመጣ ቅጥያ ነው። ይኸው ቅጥያ «ሶሻሊዝም» ላይ አመለካከትን፣ «ጆርናሊዝም» ላይ ግን ሙያን ያመለክታል።

የኛው «ጋዜጠኝነት» በበኩሉ ሦስት ነገር ይዟል፦ ጋዜጣ፣ ኛ እና ነት። ጋዜጣ የጣሊያን ቃል ነው። ጋዜታ የቬኒስ ትንሽ ሳንቲም ነበረች፤ የወሬ ወረቀቱ ስሙን ከሷ እንደወሰደ ይነገራል። በ1934 ዓ.ም. «ነጋሪት ጋዜጣ» መታተም ሲጀምር አዋጅ የሚጎሰምበት ከበሮና የቬኒስ ሳንቲም በአንድ ስም ተገናኙ ማለት ነው።

«ኛ» ግን የራሳችን ናት። የትውልድ ቦታዬ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። እዚያ አህያውን እየነዳ ለገበያ የሚመጣው ሁሉ ገበያተኛ ይባላል። ገበያተኛ ደግሞ እህል ብቻ አይደለም ይዞ የሚመጣው፤ ማን እንደሞተ፣ የት ዝናብ እንደጣለም ይዞ ይመጣል።

ኮሌጅ ስገባ አያቴ ምን እንደምማር ጠየቀችኝ። «ጋዜጠኝነት» አልኳት። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ወሬ ሰብስቦ ለሕዝብ ማድረስ መሆኑን ሳስረዳት «ታዲያ ወሬኛ ለመሆን ነው እዚያ ድረስ የሄድከው?» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ጥያቄው ትልቅ ነው። «ኛ» ወሬ ላይ ስትቀጠል ሰው የሚሸሸው ወሬኛ ይወጣል፤ እውነት ላይ ስትቀጠል እውነተኛ። ጋዜጣ ላይ ስትቀጠልስ? ሥሩ ሳንቲም ስለሆነ ምንም አይነግረንም። ጋዜጠኛው ወደ የትኛው እንደሚጠጋ የሚወስነው ሥራው ብቻ ነው።

አያቴ ገበያተኛ ወሬ ሲነግራት መጀመሪያ «በዓይንህ አይተኸዋል ወይስ ነገሩህ?» ትለዋለች። «ነገሩኝ» ካለ ማን እንደነገረው ትጠይቃለች። እኛ ክፍል ውስጥ «የዜና ምንጭን ማጣራት» እያልን የምንማረው እኮ ይኸው ነው። የምንጽፈውን የሚሰማው ሰው እንደሷ የሚጠይቅ መሆኑን አንርሳ። ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ይህችን ጥያቄ ይዘን ብንወጣ እላለሁ።