ለኢጓናው የባሕር ሣር

እህቶቼ፣ ሕፃን ማሳደግና ሽማግሌ መጦር ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። እኔ ደግሞ እዚህ ቤሩት ኢጓና እቀልባለሁ። ኢጓና እንሽላሊት የሚመስል አረንጓዴ እንስሳ ነው፤ ሲያድግ ከነጭራው ከ1 ሜትር ተኩል ሊበልጥ ይችላል። የገዛው የማዳም ልጅ ነው፣ ሥራው የእኔ። ገና በመጀመሪያው ቀን ማዳም "ከሞተ ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ" አለችኝ። ስለዚህ ምን እንደሚበላ ከእነሱ በላይ ማወቅ ነበረብኝ።

አንድ ቀን ልጁ በቴሌቪዥን ኢጓና ባሕር ውስጥ ጠልቆ አልጌ ሲግጥ አየ። በማግሥቱ ሩዝ የሚጠቀለልበትን ደረቅ የባሕር ሣር ይዞ መጣ፤ ከዓሣው ገንዳ ላይ ያለውንም አረንጓዴ ነገር ፍቀሽ ጨምሪለት አለኝ። አልሰጠሁም። ያ ያየው የጋላፓጎስ ደሴቶች ኢጓና ነው፣ ዘሩ ሌላ ነው። የባሕሩን ጨው በአፍንጫው እያስነጠሰ ያወጣል። የእኛው ግን የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ የዛፍ ላይ እንስሳ ነው፣ ኑሮው ቅጠል ነው። እሱም ትንሽ ጨው ያስነጥሳል፣ አፍንጫው ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ የባሕሩን ያህል ግን አይችልም። የባሕር ሣር ጨውና አዮዲን ይበዛበታል። የረጋ ውኃ አልጌማ አንዳንዱ መርዝ ነው፣ ከብት ይገድላል።

እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። እምቦጭ የመጣው ከዚሁ ከኢጓናው አገር ከደቡብ አሜሪካ ነው ብዬ ለልጁ ብነግረው "እንግዲያው እሱን እንፈልግለት!" አለ። ሳቄ መጣ። ያ ሁሉ ሰው በእጁ ነቅሎ ያልጨረሰውን! ደግሞ እምቦጭ ከቆሻሻ ውኃ ውስጥ መርዛማ ብረት እየመጠጠ ያስቀምጣል፤ ከየትም ተለቅሞ አይሰጥም።

አሁን የምሰጠው ከገበያ የሚገዛ ሂንድቤና ጀርጂር ነው፣ አጥቤ፣ ከትፌ። ሰላጣ ውኃ ብቻ ነው። ስፒናች ቢበዛ ካልሲየሙን ያስርበታል።

ትልቁ ችግር ግን ምግቡ አልነበረም፣ መብራቱ ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የሚሞቀው አምፖል ይጠፋል፤ ካልሞቀው የበላው አይፈጭለትም። ያለ ፀሐይ ደግሞ ካልሲየም ቢበላም አጥንቱ አይጠቀምበትም፣ እግሩ ይልፈሰፈሳል፣ መንጋጋው ያብጣል። በመስኮት መስታወት የሚገባው ፀሐይ አይረዳውም። ይህን ለማዳም ሳስረዳት ለወራት ተቆልፎብኝ የኖረው በረንዳ ተከፈተ። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ግማሽ ጥላ አድርጌለት፣ አብረን እንሞቃለን። ከታች የሚያልፉትን የአገሬን ልጆች አያለሁ፣ አንዳንዷ ቀና ብላ ሰላም ትለኛለች።

እንዲህ ያለ እንስሳ ያለበት ቤት የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጤነኛ መስሎም ሳልሞኔላ የሚባል የሆድ በሽታ ይዞ ሊኖር ይችላል። ሳህኑን ወጥ ቤት አትጠቡ፣ ስፖንጁን ለዩ፣ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እኔ ጓንት ስጠይቅ ሁለት ወር ዝም ተባልኩ። "ትንሿ ልጅሽን ይታመምባታል" ስላት በማግሥቱ ሙሉ ካርቶን መጣ።